በድንገተኛ ክፍል አባቴን ለረዳው የኦኩፔሽናል ቴራፒ ረዳት የቀረበ ምስጋና

ውድ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው አንድ ባለሙያ ለማመስገንና በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከአረጋውያን ወላጆቻችሁ ጋር የምትኖሩ ሁሉ ሙያውን አውቃችሁ እንድትጠይቁት ለማሳሰብ ነው። ባለሙያው በአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የሚሠራ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ረዳት ሲሆን፣ ያገኘነውም አባቴ ሌሊት ወድቀው የቀኝ እጃቸው አንጓ በተሰበረ ጊዜ ነው። ሥራው፣ እኔ እንደተረዳሁት፣ የታመመ ወይም የተጎዳ ሰው መልበሱን፣ መታጠቡን፣ መብላቱን፣ መጸዳጃ ቤት ደርሶ መመለሱን እንደገና በራሱ እንዲችል ማድረግ ነው።

ምስጋናዬ ለምን ይህን ያህል እንደበረታ እንድትረዱልኝ ከዚያ በፊት የደረሰብንን መናገር ይኖርብኛል። አባቴ ቀደም ሲልም ወድቀው ወደ ሌላ ድንገተኛ ክፍል ወስጃቸው ነበር፤ የቦታውን ስም አልጠቅስም። ከምሽት እስከ ንጋት ኮሪደር ላይ በተገፊ አልጋ ተኝተው ጠበቁ፣ ራጅ ተነሡ፣ ስብራት የለም ተባለ። አስተርጓሚ ስጠይቅ «አንቺ አለሽ አይደል?» ተባልኩ። አባቴ በትሕትና አንገታቸውን ዝቅ እያደረጉ ለሁሉም «እሺ» ሲሉ ሁሉን እንደተረዱ ተቆጠረላቸው፤ ከዚያም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ብዙ ገጽ ወረቀት አስፈርመው ሸኙን። ደረጃ መውጣት ይችሉ እንደሆነ፣ ቀን ቀን ቤት ማን እንደሚውል፣ መታጠቢያችን ምን ዓይነት እንደሆነ የጠየቀን አንድም ሰው አልነበረም። በኋላም ከአንድ የሕክምና ዕቃ መደብር የገዛነው የመታጠቢያ ወንበር ከገንዳችን ውስጥ አልገባ አለ፤ ልንመልሰው ስንሄድ የንጽሕና ዕቃ ተመላሽ አይደረግም ብለው መለሱን። ያ ወንበር አሁንም በረንዳ ላይ ተቀምጧል፤ ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል።

በሁለተኛው ሆስፒታል ግን ሐኪሙ እጃቸውን አሳስሮ ራጁን ከተመለከተ በኋላ፣ ወደ ቤት ከመሄዳቸው በፊት የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያዎች እንዲያዩአቸው አዘዘ። በመጀመሪያ ዋናዋ ቴራፒስት መጥታ መረመረቻቸውና ምን እንደሚሠራ ወሰነች፤ ከዚያ አብሮን የቆየው ረዳቷ ነበር። አባቴ እንደ ልማዳቸው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉት። እርሱም አልተከራከራቸውም፤ ነገር ግን በ«እሺ» እና በ«ደህና ነኝ» አላለፋቸውም። በስልክ አማርኛ አስተርጓሚ አስጠርቶ፣ ከአልጋ እንዴት እንደሚነሡ፣ ሸሚዛቸውን እንዴት እንደሚለብሱ፣ መጸዳጃው ላይ እንዴት እንደሚቀመጡ እያንዳንዱን ሠርተው እንዲያሳዩት በአክብሮት ለመናቸው። አባቴ ሊነሡ ሲሉ በደህና እጃቸው ግድግዳውን ሲፈልጉ ተመለከተ። ስላየው ነገር ምንም ሳይናገር ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ ከታች ቡና የሚሸጥበት ቦታ እንዳለና ጥቂት ባርፍ መልካም እንደሆነ ነገረኝ።

በዚያን ሰዓት በመጋረጃው ውስጥ ምን እንደተነጋገሩ አባቴ ኋላ ራሳቸው ነገሩኝ፤ እንድጽፈውም ፈቅደውልኛል። ከአንድ ጊዜ በላይ ሌሊት ወደ መጸዳጃ ሲሄዱ ወድቀው እንደነበር፣ እንዳንጨነቅ ብለው እንደደበቁን፣ ከምሽት ጀምሮ ውኃ መጠጣት እንደተዉ፣ ገንዳው ውስጥ መግባት ስለሚፈሩም ቤት ሰው በሌለ ጊዜ ከመታጠቢያው አጠገብ ቆመው በፎጣ ብቻ እንደሚተጣጠቡ ለአንድ ለማያውቁት ሰው ነገሩት። እኔ ልጃቸው፣ ያውም ሴት ልጃቸው፣ አጠገባቸው ቆሜ ቢሆን ይህን ፈጽሞ አይናገሩም ነበር። ያ ወጣት የባህላችን ሰው ሳይሆን ይህን አስተውሎ፣ አባቴን በፊቴ ሳያሳፍር እኔን ወደ ቡና መላኩን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ በምስጋና ይሞላል። ስመለስ ለነርሷና ለሐኪሙ አስታውቆ፣ የደም ግፊታቸው ተኝተውና ቆመው እየተለካ፣ የሚወስዱትም መድኃኒት እንደገና እየታየ ነበር። የሕክምናውን ዝርዝር አልተረዳሁም፤ የተረዳሁት እርሱ ባይጠይቅ ኖሮ ይህ ሁሉ እንደማይታወቅ ነው።

ከዚያ በኋላ ማስተማር ጀመረ። ሲለብሱ የተጎዳው እጅ አስቀድሞ እጅጌ ውስጥ እንዲገባ፣ ሲያወልቁ ደግሞ ጤነኛው እጅ አስቀድሞ እንዲወጣ፤ ከእንቅልፍ ሲነቁ ወዲያው ከመቆም ይልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ጥቂት እንዲቀመጡ፤ ከመኝታ ቤት እስከ መጸዳጃ የሌሊት መብራት እንዲኖርና የሚያደናቅፍ ምንጣፍ እንዲነሣ አስረዳን። የመታጠቢያ ቤታችንን ፎቶግራፍ ጠይቆኝ፣ የገንዳው ጠርዝ ምን ያህል ከፍ እንደሚል አይቶ፣ ግማሹ ከውጭ ግማሹ ከውስጥ የሚቆም ረጅም አግዳሚ ወንበር እንደሚያስፈልገን አሳየን። ለአረጋውያን የሚሆነው የመንግሥት የጤና መድን ሜዲኬር እንዲህ ያለውን የመታጠቢያ ዕቃ በአብዛኛው እንደማይሸፍንና ከመግዛታችን በፊት በውሰት የሚሰጡ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን ብንጠይቅ እንደሚሻል የነገረንም እርሱ ነው።

ስለ ምግብ ሲጠይቃቸው አባቴ እንጀራ በቀኝ እጅ እንጂ በግራ በልተው እንደማያውቁ፣ በዚህ ዕድሜያቸውም ማዕድ ላይ ግራ እጃቸውን እንደማይዘረጉ በቁርጥ ነገሩት። ማንኪያ ይጠቀሙ ብሎ ሊያልፋቸው በቻለ ነበር። እርሱ ግን ጉዳዩን በቁም ነገር ያዘው፤ በራሱ ሳይወስን ሄዶ ቴራፒስቷንና ሐኪሙን ጠይቆ ተመለሰ። ከማሰሪያው ውጭ ያሉትን ጣቶቻቸውን ማንቀሳቀሱ እንዲያውም እንደሚጠቅማቸው፣ ቤተሰብ እንጀራውን ቆርሶ በወጥ ጠቅልሎ ቢያቀርብላቸው በጣቶቻቸው ጫፍ ብቻ አንሥተው መብላት እንደሚችሉ አስረዳቸው። ፊታቸው ሲበራ ያየሁት በዚያች ቅጽበት ነው። በዚያው ሳምንት ቤታችን ማዕድ ላይ በቀኝ እጃቸው በሉ።

ቤት ከገባን በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ማንበብ ጀመርኩ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል እንደሚለው ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች ውስጥ በየዓመቱ ከ4 አንዱ ይወድቃል፤ አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው እንደገና የመውደቅ ዕድሉ በእጥፍ ይጨምራል፤ መውደቁን ለሐኪሙ የሚናገረው ግን ከግማሽ በታች ነው። አባቴን በዚህ ውስጥ አየኋቸው። በሙያው ለመሥራት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት፣ ብሔራዊ ፈተናና የክፍለ ግዛት የሥራ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ተረዳሁ። በአገራችንም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኲንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ኦኩፔሽናል ቴራፒን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር መጀመሩን ሳነብ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በነርስነት ረዳትነትና በአረጋውያን እንክብካቤ ለምትሠሩ ብዙ እኅቶቼና ወንድሞቼ ይህ መንገድ እንዳለ ብታውቁት እወዳለሁ፤ ቋንቋችንን የሚናገር አንድ ባለሙያ በእንዲህ ያለ ክፍል መገኘቱ ለወላጆቻችን ምን ያህል እንደሚጠቅም መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ አባታችሁ ወይም እናታችሁ ወድቀው ድንገተኛ ክፍል ብትገቡ፣ የመሸኛ ወረቀቱን ከመፈረማችሁ በፊት «ወደ ቤት ከመሄዳቸው በፊት ኦኩፔሽናል ቴራፒ እንዲያያቸው እንፈልጋለን» በሉ። በሁሉም ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ባለሙያው ላይገኝ ይችላል፤ ከሌለ ሐኪሙ ቤት ድረስ የሚመጣ ባለሙያ እንዲያዝላችሁ ጠይቁ። አስተርጓሚም ጠይቁ፤ «ልጃቸው አለች» የሚለውን መልስ አትቀበሉ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የሲቪል መብቶች ሕግና በ2010 በወጣው የጤና ሕግ የተደገፈ መብታችሁ ነው። ከተቻለም ወላጆቻችሁ ከባለሙያው ጋር ጥቂት ጊዜ ብቻቸውን እንዲነጋገሩ ፍቀዱላቸው።

የረዳቱን ስም ፈቃዱን ስላልጠየቅሁ እዚህ አላሰፍርም፤ ለሆስፒታሉ የታካሚዎች ጉዳይ ክፍል ግን ስሙን ጠቅሼ የምስጋና ደብዳቤ ጽፌያለሁ። እናንተም መልካም ያደረገላችሁ ሠራተኛ ሲኖር እንዲሁ ብታደርጉ፣ ምስጋናው ለአለቆቹ ይደርሳል። አባቴ በበኩላቸው ለእርሱና ለቴራፒስቷ «ልጅ ይውጣላችሁ፣ እርጅናችሁን ያሳምርላችሁ» ብለው መርቀዋል። እኔም ከመላው ቤተሰባችን ጋር አሜን እላለሁ፤ እግዚአብሔር ውለታህን ይክፈልህ፣ ወንድሜ።