አኪራን የት ማየት ይሻላል፦ አይማክስ፣ ተራ አዳራሽ፣ 4ኬ ዲስክ ወይስ የ2009ኙ ብሉሬይ?

የካትሱሂሮ ኦቶሞ የአኒሜሽን ፊልም «አኪራ» በጃፓን የወጣው በ1988 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወደ ሲኒማ ሲመለስ የሚታየው ከ35 ሚሊሜትር ፊልሙ በ4ኬ (ወርዱ አራት ሺህ ገደማ ነጥብ በሆነ የምስል ጥራት) ተቀድቶ፣ ድምፁም እንደገና ተቀናብሮ በ2020 የወጣው ቅጂ ነው፤ በ4ኬ ዲስክ የሚሸጠውም እሱው ነው። ስለዚህ ልዩነቱን የሚያመጡት ፕሮጀክተሩ፣ ቴሌቪዥኑና ስፒከሩ ናቸው። የእኛ ምርጫ ግልጽ ነው፦ ለድምፁ ሲኒማ፣ ለቀለሙ ዲስክ። አንዱን ብቻ መምረጥ ግድ ከሆነና ቤትዎ ያለው የቴሌቪዥኑ የራሱ ስፒከር ብቻ ከሆነ ትኬቱን ይቁረጡ።

አዳራሾቹ

አይማክስ (ግዙፍ ስክሪን ያለው የሲኒማ ዓይነት) የሚል ምልክት የሰቀለ ሁሉ አንድ አይደለም። በሌዘር የሚሠሩት 4ኬ ናቸው። የቆዩት የዜኖን መብራት ዲጂታል አዳራሾች ግን ሁለት 2ኬ ፕሮጀክተሮችን አጣምረው ነው የሚያሳዩት። ተጨማሪ ከመክፈልዎ በፊት «ሌዘር ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁ። የፊልሙ ቅርጽ 1.85 ለ 1፣ የተለመደው ዲጂታል አይማክስ ስክሪን ደግሞ 1.90 ለ 1 ስለሆነ ምስሉ ስክሪኑን ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። 1.43 ለ 1 የሆነውን ረጅሙን ስክሪን ፍለጋ ሌላ ከተማ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ከላይና ከታች ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

ተራ አዳራሽ ውስጥ ፖስተሩ «4ኬ» ቢልም ፕሮጀክተሩ 2ኬ ከሆነ የሚታየው 2ኬ ነው። ለዚህ ፊልም ግን ብዙ አያስቆጭም። የሚያስቆጨው ደካማ ድምፅ ነው። ሙዚቃውን የሠራው ጌይኖ ያማሺሮጉሚ የተባለው ቡድን ጀጎግ የሚባለውን የባሊ የቀርከሃ መሣሪያ ከጃፓን ባህላዊ የኖ ቲያትር ዜማ ጋር አዋህዶታል። የጀጎግ ወፍራም ምት ደረት ላይ ካልተሰማ ግማሹ ቀረ። ድምፁ ጥሩ የሆነ ተራ አዳራሽ ድምፁ ከተዳከመ አይማክስ ይበልጣል።

መቀመጫ ሲመርጡ ከስክሪኑ ሁለት ሦስተኛ ያህል ርቀው መሐል ላይ ይሁኑ። ፊት ረድፍ ላይ ዓይን ከሰብታይትሉ ወደ ምስሉ ሲመላለስ ይደክማል። ደግሞ ትኬቱ በጃፓንኛ ከሰብታይትል ጋር ይሁን በእንግሊዝኛ ድምፅ አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ሰዓታቸው የተለያየ ነው። እኛ ጃፓንኛውን እንመርጣለን። በጃፓን አኒሜ ልማድ ድምፅ የሚቀዳው ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ሲሆን፣ እዚህ ግን ንግግሩ ቀድሞ ተቀድቶ አፉ በዚያ ልክ ተሥሏል። በእንግሊዝኛ ሲሆን ያ ልፋት ይባክናል።

4ኬ ዲስኩ

ዲስኩ ሲኒማውን በግልጽ የሚበልጠው በብርሃን ነው። የተራ አዳራሽ ስክሪን በመለኪያው መሠረት 48 ኒት (የብርሃን መለኪያ) ገደማ ነው የሚያበራው። ጥሩ ኦሌድ ቴሌቪዥን ግን ትንንሽ ብሩህ ቦታዎችን ከ600 ኒት በላይ ያደርሳል። ለፊልሙ ከተዘጋጁት 327 ቀለሞች 50 ያህሉ ለእሱ ሲባል አዲስ የተቀመሙ ናቸው፤ አብዛኛው ታሪክ በሌሊት ስለሚሄድ። ቴሌቪዥንዎን መፈተን ከፈለጉ መጀመሪያ አካባቢ ያለውን የሞተር ብስክሌት ግጥሚያ ይክፈቱ። የኋላ መብራቶቹ ጨለማው ውስጥ የሚተዉት ቀይ መስመር ጠርቶ፣ ሰማዩም ጥቁር እንደሆነ መቅረት አለበት። ቀዩ ወደ ብርቱካናማ ከሸሸ ወይም ሰማዩ ግራጫ ከሆነ ኤችዲአሩ (ብሩህና ጨለማ ቦታዎችን አስፍቶ የሚያሳየው አሠራር) አልበራ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው፦ ማጫወቻው የተሰካበት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ በሴቲንግ ውስጥ ለብቻው ካልተከፈተ ኤችዲአር አያሳልፍም።

ሌላው የተለመደ ጥፋት እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰው ማስተካከያ ነው፤ ሳምሰንግ ላይ «ኦቶ ሞሽን ፕላስ»፣ ኤልጂ ላይ «ትሩሞሽን»፣ ሶኒ ላይ «ሞሽንፍሎው» ይባላል። ያጥፉት። ከ160,000 በላይ በእጅ የተቀባ ሥዕል መሐል ማሽን የፈጠረው ሥዕል ሲገባ የገጸ ባሕርያቱ ጠርዝ ይቀልጣል። የፊልሙን ብናኝ (ግሬይን) የሚያጠፋውን ማስተካከያም አብረው ይዝጉት።

በድምፅ በኩል የጃፓኑ እትም 5.1 (የስድስት ስፒከር) ድምፅ በ192 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 192,000 ጊዜ እየተለካ የተቀዳ ነው፤ ይህም ጆሮ ከሚሰማው በላይ ያለውን ድምፅ ጭምር ይይዛል። ጆሮ ከ20 ኪሎኸርዝ በላይ ስለማይሰማ ለዚህ ብሎ አዲስ አምፕሊፋየር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ግንኙነቱ ግን ልብ ይባል፦ የኦፕቲካል ገመድና የድሮው ኤአርሲ (ከቴሌቪዥኑ ወደ ስፒከር ድምፅ የሚመልሰው የኤችዲኤምአይ መስመር) የዲስኩን ድምፅ፣ ዶልቢ ትሩኤችዲን፣ እንዳለ አያሳልፉም። አዲሱ ኢኤአርሲ (eARC) ወይም ከማጫወቻው በቀጥታ ወደ ሪሲቨር የሚሄድ ኤችዲኤምአይ ያስፈልጋል።

ዲስክ ያለው ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ ያጫውቱታል። ፕሌይስቴሽን 4 ግን፣ ፕሮ የተባለውም ጭምር፣ አያጫውትም። ብዙ ሰው ዲስኩን ከገዛ በኋላ ነው የሚያውቀው።

የ2009ኙ ብሉሬይ

ቴሌቪዥንዎ ኤችዲአር ከሌለው ይኼኛው ይበቃል፤ የጃፓንኛ ድምፁም ያኔውኑ 192 ኪሎኸርዝ ነበር። ኤችዲአር ካለዎት ግን በርካሽ ቢያገኙትም ይለፉት። በኢንተርኔት የሚለቀቀው ከዲስኩ ይልቅ በጣም ስለሚጨመቅ ጭሱና ፍንዳታው ላይ ቀለሙ ደረጃ ደረጃ ይሠራል፤ ለመጀመሪያ ትውውቅ ካልሆነ አንመክረውም።

ዲስክ በሰው እጅ ለሚያስመጡ

ተራ ብሉሬይ በክልል ይቆለፋል፦ አሜሪካና ጃፓን ኤ፣ አውሮፓ፣ መካከለኛው ምሥራቅና አፍሪካ ቢ። 4ኬ ዲስክ የክልል ቁልፍ የለውም። ስለዚህ ከአሜሪካ የመጣ ባለ ሁለት ዲስክ ሳጥን ከዱባይ በተገዛ ማጫወቻ ላይ 4ኬው ሲሠራ ተራው ብሉሬይ እምቢ ሊል ይችላል። ማጫወቻውም ከአሜሪካ የሚመጣ ከሆነ ጀርባው ላይ 100–240 ቮልት መጻፉን ያረጋግጡ፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር አይሰኩት። ለልጆች ስጦታ ብለው የሚያስቡም ካሉ፣ ፊልሙ በአሜሪካ «አር» (ከ17 ዓመት በታች ያለ አዋቂ የማይገባበት)፣ በብሪታንያ ደግሞ 15 (ከ15 ዓመት በታች የማይፈቀድ) ተብሏል፤ ደም ይበዛበታል።