ሰላምን ለመማር፦ ኮስታ ሪካ ወይስ አዲስ አበባ?

ጣና ዳር ቡና ስንጠጣ ጓደኛዬ «የሰላም ጥናት ማስተርስ የት ልማር?» አለኝ።

የሰላም ዩኒቨርሲቲ በተመድ ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ እ.ኤ.አ. በ1980 የተቋቋመ ነው፤ ግቢው ኮስታ ሪካ ነው። አገሪቱ ጦሯን እ.ኤ.አ. በ1948 አፍርሳለች፤ እዚያ መኖሩ ብቻ ግማሽ ትምህርት ይመስለኛል። ችግሩ ከተመድ መደበኛ በጀት አለማግኘቱ ነው፤ ስኮላርሺፕ ካልተገኘ ክፍያው ለእኛ ኪስ አይሆንም። የአውሮፕላን ትኬቱን ተወው!

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና ደኅንነት ጥናት ተቋም የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ እዚያው ከተማ ነው። በአፍሪካ ደኅንነት ላይ የሚመክረው የጣና ፎረም እ.ኤ.አ. በ2012 እዚሁ ባሕር ዳር ሲጀመርም የፎረሙ ጽሕፈት ቤት ይኸው ተቋም ነበር።

እኔ ብሆን መጀመሪያ አዲስ አበባ እገባለሁ። እሱ ግን ኮስታ ሪካ ላይ ልቡ ሸፍቷል።