አካውንት ሳትከፍቱ ስህተት የምታስታውቁበት ቦታ፦ የዴቢያን ባግ መከታተያ

ስለ ስልክና ስለ ላፕቶፕ አስተያየት የሚጽፍ ሞልቷል። እኔ መጻፍ የፈለግኩት ስለ ሌላ አገልግሎት ነው። ዴቢያን ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ፣ ግን ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት) ላይ ፕሮግራም ሲበላሽ ወይም ቨርዥኑ ሲያረጅ አቤት የምንልበት ቦታ አለ። የዴቢያን ባግ መከታተያ ይባላል፤ ባግ ማለት የፕሮግራም ስህተት ነው። ለዓመታት ተጠቅሜበታለሁ፤ በአማርኛ የሚሠራ ሰው ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል።

የምሠራው አዲስ አበባ፣ አንድ ትንሽ የጽሕፈትና የትርጉም ቤት ውስጥ ነው። የፈተና ወረቀት እንተይባለን፤ የሠርግ ጥሪ እናዘጋጃለን፤ ሰነድ እንተረጉማለን። ኮምፒውተሮቻችን በሙሉ ዴቢያን ናቸው። ሲበላሹ የሚጠራው የኔ ስም ነው። አማርኛው እምቢ ካለ ሥራው ሁሉ ይቆማል፤ ደንበኛ ደግሞ በር ላይ ቆሟል።

ፍርዴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ስህተት ለማስታወቅ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም። አዲስ ቨርዥን ለመጠየቅ ግን ሆደ ሰፊ መሆን ያስፈልጋል። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ።

ዴቢያንን ኢያን መርዶክ የጀመረው በነሐሴ 1993 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ባግ መከታተያው የተጀመረው በ1994 ነው፤ የሠራው ደግሞ ሌላ ኢያን ነው፣ ኢያን ጃክሰን። በ1997 ፕሮጀክቱ የማኅበራዊ ውል የሚባል ሰነድ አጸደቀ። አንዱ አንቀጽ ችግሮቻችንን አንደብቅም ይላል፤ የባግ መዝገቡ ምንጊዜም ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ያዛል። ይሄ ቃል እስካሁን ተጠብቋል። ማንም ገብቶ የየትኛውንም ፓኬጅ (ለመጫን የተዘጋጀ ፕሮግራም) ጉድለት ማንበብ ይችላል። እኔ አንድ ፕሮግራም ሥራ ቦታ ላይ ከመጫኔ በፊት መጀመሪያ ባጎቹን አነባለሁ። የራሱን ምርት እንከን እንዲህ አደባባይ የሚያሰጣ ድርጅት ስንት አለ?

አሠራሩ በሙሉ በኢሜይል ነው። አካውንት የለም፤ ፓስዎርድ የለም። የትራፊክ መብራት ያለበትን ሥዕል ምረጡ የሚል ጣጣ የለም። አንድ የታወቀ አድራሻ አለ፤ ወደዚያ ትልካላችሁ። የመልእክቱ መጀመሪያ መስመር ላይ የፓኬጁን ስም፣ ቀጥሎ ቨርዥኑን ትጽፋላችሁ። ከዚያ የባግ ቁጥር የያዘ መልስ ይመጣል። ቁጥሩ ራሱ የኢሜይል አድራሻ ይሆናል፤ ተጨማሪ ነገር ሲኖራችሁ ወደዚያው ቁጥር ትጽፋላችሁ። ባጉ ሲፈታም የሚዘጋው ወደ ቁጥሩ በሚላክ ኢሜይል ነው። እነዚህ ቁጥሮች በ2021 አንድ ሚሊዮን ደርሰዋል።

ለአዲስ ሰው ይሄ ሁሉ የድሮ ሊመስል ይችላል። ገጾቹም ጌጥ የላቸውም፤ ጽሑፍ ብቻ ናቸው። ለእኔ ግን ትልቁ ጥቅሙ ይሄው ነው። መብራት ሲጠፋ በላፕቶፑ ባትሪ ሪፖርቱን እጽፋለሁ፤ ኔት ሲመለስ ይሄዳል። ገጹ በደካማ የሞባይል ዳታም ወዲያው ይከፈታል። ሌሎች ቦታዎች ከባድ ገጽ እስኪከፈት ጠብቄ፣ ፎርም ሞልቼ፣ መጨረሻ ላይ ኔቱ ሲቆረጥ የጻፍኩት ሁሉ የጠፋበት ጊዜ አለ። ኢሜይል እንዲህ አያደርግም።

ሪፖርቱን የሚያዘጋጅላችሁን ሪፖርትባግ የሚባል ፕሮግራም ግን ሳታዩ አትለፉ። ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ ስሙን ጽፋችሁ የፓኬጁን ስም ታስከትላላችሁ። ተርሚናል የሚያስፈራው ሰው በመስኮት የሚከፈተውን መጫን ይችላል፤ እሱ ራሱን የቻለ ፓኬጅ ነው። ሪፖርትባግ መጀመሪያ ዴቢያን ውስጥ አዲስ ቨርዥን መኖሩን ያያል። ከዚያ በዚያ ፓኬጅ ላይ ሰው ቀድሞ ያስታወቃቸውን ባጎች ይዘረዝራል። የእናንተ ችግር እዚያ ካለ አዲስ አትክፈቱ፤ እሱው ላይ ጨምሩ። ዳታ ለመቆጠብ ዝርዝሩን እንዳያወርድ ማዘዝም ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም፤ አንድን ችግር ደጋግሞ መክፈት የሰዎቹን ጊዜ ይበላል። ኮምፒውተራችሁ ላይ የኢሜይል ሰርቨር ባይኖርም ግድ የለም፤ በዴቢያን በራሱ ሰርቨር በኩል ይልክላችኋል። ወይም ፋይል አድርጋችሁ አስቀምጣችሁ በራሳችሁ ኢሜይል ላኩት።

ከዚያ የምትሞሉት ጽሑፍ ይመጣል። ምን ስታደርጉ ነበር? ምን አደረጋችሁ? ምን ሆነ? ምን እንዲሆን ነበር የጠበቃችሁት? በእነዚህ ላይ ፕሮግራሙ የከርነሉን (የሥርዓቱን እምብርት) ቨርዥን፣ ፓኬጁ የሚደገፍባቸውን ሌሎች ፓኬጆችና የማሽኑን የቋንቋ ሴቲንግ ከሥር ይጨምራል። የቋንቋ ሴቲንጉ ለእኛ ወሳኝ ነው፤ በምሳሌ ላሳያችሁ።

ከምንጠቀምባቸው ፕሮግራሞች አንዱ ስሙ በአማርኛ የተጻፈ ፋይል ስንከፍት ወዲያው ይዘጋ ነበር። በእንግሊዝኛ ስም ከሆነ ምንም አይልም። ደግሞ የሚዘጋው አንድ ማሽን ላይ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ደህና ናቸው። ሪፖርቱን ላክሁ። ፓኬጁን የሚይዘው ሰው መልስ ሰጠ። ውስጡ ምንም የሌለበት፣ ስሙ ብቻ በአማርኛ የሆነ ፋይል እንድልክለት ጠየቀ። ሰላም የሚል ስም ሰጥቼ ላክሁለት። እሱ ግን መልሱን ያገኘው ከሪፖርቱ ግርጌ ነው። የዚያ ማሽን የቋንቋ ሴቲንግ ሲ የሚባለው ነበር፤ ዩኒኮድ የማያውቀው የጥንቱ ሴቲንግ። ፕሮግራሙ እዚህ ሴቲንግ ላይ ከእንግሊዝኛ ውጪ የሆነ ፊደል ሲያጋጥመው ይወድቃል። አንድም የአማርኛ ፊደል ማንበብ የማይችል ሰው የአማርኛ ተጠቃሚን ችግር ፈታው። እኔ ይሄን የቋንቋ ሴቲንግ (ሎኬል ይሉታል) መጥቀስ እንዳለብኝ እንኳ አላሰብኩም ነበር፤ ሪፖርትባግ ነው የጻፈልኝ።

ማስተካከያው መጀመሪያ የገባው አንስቴብል ውስጥ ነው፤ አዲስ ነገር መጀመሪያ የሚገባበት የዴቢያን ክፍል ነው። ከዚያ ወደ ቴስቲንግ፣ ወደ መፈተሻው ክፍል፣ ይሻገራል፤ እንደ አስቸኳይነቱ ከ2 እስከ 10 ቀን ይቆያል። እኛ የምንጠቀመው ስቴብልን፣ የተረጋጋውን ክፍል፣ ነው፤ ወደዚያ ለማስገባት የፓኬጁ ያዥ ስቴብልን የሚያወጣውን የሪሊስ ቡድን ማስፈቀድ አለበት። ይሄም ጥያቄ የሚቀርበው በዚያው መከታተያ ላይ፣ ሁሉም እያየው ነው። ተፈቀደ፤ በየሁለት ወሩ ገደማ በሚወጣው የስቴብል ማስተካከያ ከነሌሎቹ መጣልን።

ስለ ክብደት ደረጃዎቹ አንድ ነገር ልበል። ሰባት ናቸው፦ ክሪቲካል፣ ግሬቭ፣ ሲሪየስ፣ ኢምፖርታንት፣ ኖርማል፣ ማይነር፣ ዊሽሊስት (የምኞት ጥያቄ)። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ቀልድ አይደሉም። እነሱ ያሉበት ፓኬጅ ከአንስቴብል ወደ ቴስቲንግ አያልፍም፤ ሳይፈታ ከቆየም ከቴስቲንግ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ቶሎ ይታይልኝ ብላችሁ ግሬቭ አትበሉት። ኖርማል ብላችሁ በደንብ የጻፋችሁት ይሻላል።

አሁን ወደ አፕዴት ጥያቄ እንምጣ፤ የኮከቡ ነገር እዚህ ነው።

ስቴብል አንዴ ከወጣ የአብዛኞቹ ፕሮግራሞች ቨርዥን ይቆለፋል። ቡክዎርም የሚባለው ስቴብል በሰኔ 2023 ወጣ፤ ተተኪው ትሪክሲ በነሐሴ 2025። በመካከሉ የገባው የደኅንነትና የከባድ ስህተት ማስተካከያ ነው። የሥዕል ማረሚያውን ፕሮግራም፣ ጂምፕን፣ ውሰዱ። ቡክዎርም ይዞ የወጣው 2.10ን ነው። ጂምፕ 3.0 በመጋቢት 2025 ሲወጣ የኛ ዲዛይነር ዕረፍት ነሳኝ። የተደረገውን የሥዕል ማስተካከያ በኋላ ተመልሶ መቀየር ስለሚቻል ለሠርግ ካርድ ሥራ ብዙ ነገር ይቆጥባል። እውነቱን ነው። ግን ለስቴብል አዲስ ቨርዥን አስገቡልኝ ብሎ ባግ መክፈት ዋጋ የለውም፤ ደንቡ አይፈቅድም። ጂምፕ 3 ለእኛ የመጣው ከትሪክሲ ጋር ነው።

እኔ ይሄን ደንብ እደግፈዋለሁ። የፈተና ወረቀት ሊታተም ማታ ሁሉም ነገር እንደ ትናንቱ እንዲሠራ ነው የምፈልገው። አዲስ ቨርዥን የግድ ከሆነ መጀመሪያ ባክፖርትስ (አዳዲስ ቨርዥኖች ለስቴብል ተስማምተው የሚቀመጡበት ማከማቻ) ውስጥ ፈልጉ። የቢሮ ፕሮግራሙን ሊብሬኦፊስን ለቡክዎርም በዚያ መንገድ ማግኘት ይቻል ነበር፤ ቡክዎርም ይዞ የወጣው 7.4ን ነው። ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ለብቻው የሚጭን ፍላትፓክ የሚባል መንገድም አለ፤ ግን ዳታ ይበላል።

ጥያቄው ቦታ የሚኖረው አንስቴብል ውስጥ ያለው ራሱ ካረጀ ነው። ያኔ በዊሽሊስት ደረጃ አዲስ ቨርዥን ወጥቷል ብላችሁ ትከፍታላችሁ። ከዚያ በፊት ግን የዴቢያን ትራከር (የየፓኬጁን ሁኔታ የሚያሳይ ድረ ገጽ) ላይ የፓኬጁን ገጽ እዩ። አብዛኞቹ ፓኬጆች ከምንጩ አዲስ ቨርዥን መውጣቱን ራሱ የሚከታተል ፋይል አላቸው፤ ገጹ ላይ ይታያል። ያዡ የሚያውቀውን ነገር መንገር አይጠቅመውም። «እኛ ቢሮ ይሄን እንጠቀምበታለን፤ በአሁኑ ቨርዥን ይሄ ችግር አለ፣ አዲሱ ፈትቶታል» ብላችሁ ብትጽፉ ግን ይጠቅመዋል።

ሌሎች ዲስትሮዎች (የሊኑክስ ዓይነቶች) እዚህ ላይ ቀልጠፍ ይላሉ። አርች ሊኑክስ ፓኬጁ ገጽ ላይ አርጅቷል ብሎ ምልክት ማድረጊያ አለው። ፌዶራ አዲስ ቨርዥን ሲወጣ በራሱ ባግ የሚከፍት ሥርዓት አለው። ኡቡንቱ በዴቢያን ላይ የተሠራ ቢሆንም ባግ የሚቀበለው ላውንችፓድ በሚባል ድረ ገጽ ነው፤ አካውንት ይፈልጋል።

ኮከቧን ያጎደልኩት ግን በመዘግየቱ ሳይሆን በዝምታው ነው። ፓኬጆቹን የሚይዙት አብዛኞቹ በትርፍ ጊዜያቸው በነጻ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፤ ይገባኛል። ሆኖም ዊሽሊስት ከከፈታችሁ በኋላ ሰው አይቶት ይሁን አይቶት አይሁን የሚነግራችሁ ነገር የለም። የኔ አንድ ጥያቄ ዓመታት አልፎታል፤ ከመጀመሪያው የቁጥር መልስ ወዲህ ማንም ቃል አልተነፈሰም። ታየ የምትል አንዲት ምልክት ብትኖር ምን ነበረበት?

መልስ ሲኖር ግን አይቼ አዝኜ አላውቅም። የሰነድ ማንበቢያ ፍለጋው ላይ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን እንደ አንድ እንዲያይ ጠይቄ ነበር። ሃይለ ብላችሁ ስትፈልጉ ኃይለ የተባለውም ይምጣ ነው ነገሩ። ይሄ የዴቢያን ሳይሆን የፕሮግራሙ ሠሪዎች ጉዳይ ነው አሉኝ፤ እነሱ ጋ ወስደው ከፈቱልኝ፤ ሊንኩንም የኔው ባግ ላይ አስቀመጡት። ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ ወደ ሌላ ቢሮ ሂድ እንደመባል አይደለም፤ አብረውኝ ሄዱ።

ዝም ሲሉ ትራከሩ ላይ ፓኬጁ መቼ እንደተነካ እዩ። ባለቤት አልባ የተባለ ከሆነ እዚያው ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ቢያንስ ምን እንደሚጠበቅ ታውቃላችሁ።

ብዙ ሰው የሚያሳስበውን አንድ ነገር ልንካ። ስቴብል ላይ ያለው ቁጥር አሮጌ ስለሆነ ቀዳዳ አለበት ማለት አይደለም። የደኅንነት ቡድኑ ማስተካከያውን ወደ አሮጌው ቨርዥን መልሶ ያስገባል፤ ዋናው ቁጥር ሳይቀየር ጫፉ ላይ ጥቂት ምልክት ይጨመራል። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ የደኅንነት ባግ አትክፈቱ። የዴቢያን ሴኩሪቲ ትራከር ላይ የቀዳዳውን ቁጥር ብትፈልጉ የትኛው ቨርዥን ላይ እንደተደፈነ ይነግራችኋል።

ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው። አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ሰዋስው የሚያርም የለም። የፕሮግራሙ የአማርኛ ትርጉም ከተበላሸ ለትርጉም ጉዳይ የተለየ ታግ (መለያ ምልክት) አለ፤ የታረመውን ፋይል አያይዛችሁ ስትልኩ ሥራው ለእነሱም ይቀላል። ዴቢያን ውስጥ ጨርሶ የሌለ ፕሮግራም ወይም ፎንት እንዲገባ መጠየቅም በዚሁ መከታተያ ይቻላል። አቢሲኒካ ፎንት ቀድሞ አለ፤ እሱን አትጠይቁ።

አንድ ጥንቃቄ ቀርቷል። የምትልኩት ሁሉ፣ ስማችሁና የኢሜይል አድራሻችሁ ጭምር፣ ለዓለም ክፍት ሆኖ ይቀመጣል። የደንበኛ ሰነድ በፍጹም አታያይዙ፤ ችግሩን የሚያሳይ ባዶ ፋይል ሠርታችሁ ላኩ። እኔ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን የተለየ ኢሜይል ከፍቻለሁ፤ ማስታወቂያው ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል፤ የቢሮው ሳጥን ንጹሕ ነው።