በጎልፍ፣ ከምት በፊት ያለ ልማድ ወይስ ገድ ያለው ዕቃ?

አሜሪካዊው የጎልፍ ተጫዋች ጃክ ኒክላውስ ሁለቱም ነበሩት። ኪሱ ውስጥ ሦስት ሳንቲም ይዞ ይጫወት ነበር። ከመምታቱ በፊት ደግሞ ከኳሱ ኋላ ቆሞ ዒላማውን ያይና በዚያው መስመር ላይ ከኳሱ ትንሽ ፈንጠር ያለች ምልክት፣ ለምሳሌ የሣር ቁራጭ ወይም ቅጠል ይመርጣል። ዱላውን የሚያስተካክለው በሩቁ ዒላማ ሳይሆን በዚች ምልክት ነው። ሳንቲሙ ኳሱን አያቃናም፤ ምልክቷ ግን ታግዛለች፤ ምክንያቱም ከኳስ ጎን ቆሞ ቅርብ ነገር ላይ ማነጣጠር ከሩቁ እጅግ ይቀላል።

ልማድ የሚበላሸው ሲረዝም ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ኦፕን የጎልፍ ውድድር ስፔናዊው ሰርጂዮ ጋርሲያ የዱላውን እጀታ ደጋግሞ ሲጨብጥና ሲለቅ ተመልካቹ ጮክ ብሎ ይቆጥርበት ነበር። ደንቡ ምት በ40 ሰከንድ ውስጥ እንዲጠናቀቅ ይመክራል። ከኋላ አንድ እይታ፣ ኳሱን ሳይነኩ አንድ የልምምድ ምት፣ አንዴ ቀና ብሎ ማየት፣ ከዚያ መምታት፤ ይበቃል። መሃል ላይ ድምፅ ካቋረጠዎት እዚያው አይቀጥሉ፤ ወደ ኋላ ተመልሰው ከመጀመሪያው ይጀምሩ።

ገድ ያለው ዕቃ የሚሰጠው የልብ መረጋጋት ነው፤ ያንንም መናቅ አይገባም። ታይገር ዉድስ በውድድር የመጨረሻ ቀን፣ እሁድ፣ ቀይ ይለብሳል። ችግሩ ዕቃው የጠፋ ቀን ነው፤ መረጋጋቱም አብሮ ይጠፋል። ኳስ ከማንሳት በፊት ቦታው እንዳይጠፋ ለምልክት የሚቀመጠውን ሳንቲም በአንበሳው ወይም በዘውዱ ገጽ ብቻ ማስቀመጥ ጉዳት የለውም፤ ዋናው ከኳሱ ልክ ኋላ ወይም አጠገብ መሆኑ ነው። ምልክት ሳያደርጉ ኳስ ማንሳት አንድ ምት ያስቀጣል።

አንዱን ብቻ ለሚመርጥ፣ ልማዱን ይያዝ።