ሽሬክን ስምንት ወር ሙሉ ደጋግመን ካየነው በኋላ

የሽሬክን ዲስክ ከገዛሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ለልጆቹ ብዬ ነው የገዛሁት። ሴቷ አምስት ዓመቷ ነው፣ ወንዱ ዘጠኝ። ስንቴ እንዳየነው መቁጠር ትቻለሁ። ሌሎቹ የልጆች ፊልሞች ሦስተኛው ላይ ከክፍሉ ያስወጡኛል፤ ይሄ ግን ዛሬም አብሬያቸው ያስቀምጠኛል።

ላላየው ሰው ባጭሩ፦ ረግረግ ውስጥ ብቻውን የሚኖር አረንጓዴ ጭራቅ አለ። ሎርድ ፋርኳድ የሚባል ገዢ የተረት ፍጥረታትን ሁሉ እያባረረ እሱ ደጅ ይጥልበታል። ሽሬክም ቦታውን ለማስመለስ ሲል፣ ዘንዶ ከሚጠብቀው ግንብ ልዕልት ፊዮናን ሊያወጣ፣ አፉን ከማይዘጋ አህያ ጋር መንገድ ይጀምራል። ሲጀመር ልክ እንደ ድሮ ተረት መጽሐፍ እየተገለጠ ይነበባል፣ ከዛ ጭራቁ አንዱን ገጽ ቀዶ ሽንት ቤት ይጠቀምበታል። ልጆቹ እስካሁን እዚህ ጋ ይንከተከታሉ።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ትዕይንት ላይ ልጆቹም እኔም እንስቃለን፣ ምክንያታችን ግን አይገናኝም። ለምሳሌ ሽሬክና አህያው የፋርኳድ ከተማ ሲደርሱ ሰው የለም፤ በገመድ ታጥሮ የሚጠማዘዝ መሰለፊያ ብቻ አለ። ትልቅ የፋርኳድ ጭንቅላት ያጠለቀው ሰውዬ ፈርቶ ሲሮጥ እንኳን ገመዱን እየተከተለ ይዞራል፣ ሽሬክ ግን ገመዱን እየጣሰ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ልጆቹ በሩጫው ይስቃሉ። እኔ ደግሞ ባዶ ቦታ ላይ ተሰልፌ የማውቃቸው ቀኖች ትዝ ይሉኛል። አስማተኛው መስታወት ልዕልቶቹን እንደ ቴሌቪዥን የትዳር ውድድር ሲያስተዋውቅም እንደዛው ነው።

የሽንኩርቱ ወሬ ደግሞ በጊዜ ብዛት ነው የገባን። ሽሬክ ጭራቅ እንደ ሽንኩርት ነው፣ ልጣጭ በልጣጭ ነው ይላል፤ አህያው ሽንኩርት ማን ይወዳል ብሎ ኬክ ያነሳበታል። መጀመሪያ አካባቢ ለልጆቹ ቀልድ ብቻ ነበር። አምስተኛው ወር ላይ ይመስለኛል፣ ወንዱ ልጄ ድንገት «ግን ሽሬክ እዚህ ጋ ለምን ተናደደ?» አለኝ። ፊልሙን አቁመን ቁጭ ብለን አወራን፣ ሰዎች ገና ሳያውቁት ስለሚፈሩት ሰው። እንዲህ ያለ ወሬ ከልጄ ጋር በሌላ መንገድ እንዴት እንደምጀምረው አላውቅም ነበር።

ድምፁን በተመለከተ፣ ከቻላችሁ በመጀመሪያው ቋንቋ ስሙት። አህያው ኤዲ መርፊ ነው፤ ትንፋሽ አይሰጥም፣ ግን አያሰለችም። ሽሬክን መጀመሪያ ክሪስ ፋርሊ አብዛኛውን ቀድቶት ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሞት ማይክ ማየርስ ተተካ። ማየርስ ደግሞ ቀድቶ ከጨረሰ በኋላ በስኮትላንድ አነጋገር እንደገና ልስራው አለ። ደግ አደረገ! ያ ድምፅ ባይኖር ጭራቁ ቁጡ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር፤ አሁን ቁጣው ስር ያለው ሆድ መባስ ይሰማል።

ቅር የሚለኝም አለ። ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፣ በትልቅ ስክሪን የሰዎቹ ፊት ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል። ጭቃውና ወተቱ ግን ዛሬም ያምራሉ። ሽሬክ የፊዮናን ንግግር በግማሽ ሰምቶ የሚኮርፍበት ክፍል ይረዝምብኛል፤ ልጆቹ «ሙሉውን ስማ!» እያሉ ይጮሁበታል። ከሁሉም የከበደኝ ግን የፋርኳድ ቁመት ነው። በመልክ ሰው አትመዝኑ የሚል ፊልም አንድን ሰው አጭር ስለሆነ ብቻ ደጋግሞ ይስቅበታል። ፋርኳድ ጨካኝ ነው፣ በጭካኔው ይሳቅበት። ልጄ «አጭር መሆን ያስቃል እንዴ?» ስትለኝ መልስ አጣሁ፤ እሷም ከክፍሏ አጭሯ ናት።

ስለ ዲስኩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስድስተኛው ወር ላይ የዘንዶዋ ግንብ ጋ ሲደርስ ምስሉ ይቆም ጀመር። የጣት አሻራ ነበር። በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉት፣ አታዙሩት። ተስተካክሏል።

በነገራችን ላይ ኦስካር ለረጅም አኒሜሽን ፊልም ለብቻው ሽልማት መስጠት ሲጀምር የመጀመሪያውን የወሰደው ይሄ ፊልም ነው። ይገባዋል እላለሁ፣ በተለይ ለመጨረሻው። (ያላያችሁ ይሄን አንቀጽ ዝለሉት።) ፊዮና ላይ ያለው እርግማን ሲፈታ ጭራቅ ሆና ነው የምትቀረው። ልጄ መጀመሪያ ያየች ቀን «ታዲያ መቼ ነው ቆንጆ የምትሆነው?» ብላ እስከ መጨረሻው ጽሑፍ ድረስ ጠበቀች። ባለፈው ሳምንት ልዕልት ሳለች። አረንጓዴ ቀለሟን ጨርሳ የወንድሟን ተበደረች።