ሜክሲኮ አካባቢ የወሰድኩት የፒችትሪና የፔይሮል ስልጠና፣ የወደድኩትም ያናደደኝም

አካውንቲንግ ተመርቄ አንድ ዓመት ሙሉ ስራ ፈልጌያለሁ። አራት ኪሎ ቆሜ ያነበብኩት ማስታወቂያም ቴሌግራም ላይ የማየውም አንድ አይነት ነው፣ ዲግሪው ከላይ አንድ መስመር ይጻፋል ከዛ ፒችትሪ (የሂሳብ መያዣ ሶፍትዌር) የሚችል፣ ኤክሴል በደንብ የሚሰራ፣ የታክስ እውቀት ያለው እያለ ይቀጥላል፣ እኛ ደግሞ ግቢ እያለን ፒችትሪን ያየነው ላብ ውስጥ ለትንሽ ቀን ነው። ስለዚህ ጥቅምት ላይ ብር አጠራቅሜ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ አንድ ማሰልጠኛ ተመዘገብኩ። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ከ2:30 እስከ 6:30፣ ለ2 ወር፣ 6,500 ብር። ቅሬታም ስላለኝ ስሙን አልጠራም፣ ደግሞ በዛ ሰፈር እንዲህ አይነት ቦታ ብዙ ስለሆነ ምን አይታችሁ መመዝገብ እንዳለባችሁ ብነግራችሁ የበለጠ ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ የወደድኩትን ልናገር። የመጀመሪያ ቀን ቲቸር ገባና ስላይድ ምናምን ሳይከፍት አንድ የጫማ ካርቶን ጠረጴዛ ላይ ገለበጠ። ሙሉ ደረሰኝ ነው። የካሽ ሬጅስተር ቁራጭ አለ፣ ማህተም ያለበት የእጅ ደረሰኝ አለ፣ የባንክ አድቫይስ፣ ፔይመንት ቫውቸር፣ የእቃ ገቢ ደረሰኝ፣ የድርጅቱ ስምና ቲን ነምበር በእስኪርቢቶ ተሰርዟል። ሁለት ሁለት አድርጎ አስቀመጠንና "የአንድ ወር ስራ ነው፣ ለዩትና ዝጉት" አለን። አራት ዓመት ስማር ደረሰኝ በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር፣ መጽሐፉ ላይ ቁጥሩ ተለይቶ ተሰጥቶህ ነው ዴቢት ክሬዲት የምትለው፣ እዚህ ግን የቱ የወጪ ነው የቱ የእቃ ግዢ ነው የቱስ ጭራሽ ተቀባይነት የለውም የሚለውን ራስህ ነህ የምትለየው።

ከእኔ ጋር የተቀመጠችው ልጅ መርካቶ ሱቅ ውስጥ ካሸር ሆና የሰራች ናት። ጠቅላላ 1,150 ብር የሚል ደረሰኝ አነሳሁና ቫቱን ለማውጣት በ15 ፐርሰንት አባዝቼ 172.50 ብዬ ጻፍኩ። "ቫቱ እኮ ውስጡ አለ፣ ለ1.15 አካፍለው" አለችኝ። ዋጋው 1,000፣ ቫቱ 150። የ22.50 ብር ስህተት በአንድ ደረሰኝ ምንም አይመስልም፣ የወሩ ደረሰኝ 200 ሲሆን ግን ለግብር ቢሮ የሚገባው የወሩ ዲክላሬሽን በጭራሽ አይገጥምም። ይሄን ከሷ ነው የተማርኩት፣ አሁንም አመሰግናታለሁ።

ፒችትሪው ራሱ ጥሩ ነበር። ሶፍትዌሩ ሴጅ 50 ከተባለ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል ግን ቀጣሪውም ሁላችንም ፒችትሪ ነው የምንለው፣ ማስታወቂያ ላይ ሴጅ የሚል ካያችሁ አትደንግጡ እሱው ነው። ቲቸር አዲስ ካምፓኒ ሲያስከፍተን የፈረንጁን ወር ዝም ብለን እንድንቀበል አላደረገም፣ የኛ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ፒሪየዱን ከጁላይ 8 ጀምረን አንድ በአንድ በእጃችን ሞላነው፣ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር አድርገን። አሰልቺ ነው ግን መስሪያ ቤት ገብቼ የከፈትኩት ፋይል ልክ እንደዛ ተሞልቶ ነው ያገኘሁት።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ፔይሮል፣ ማለትም የደመወዝ ስሌት፣ ያስተማረን ሌላ ሰው ነው፣ የሰጠን ሃንድአውት ላይ ያለው የደመወዝ ግብር ሰንጠረዥ አሮጌው ነው፣ 600 ብር ድረስ ነጻ የሚለው። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ተቀይሯል እኮ፣ ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ነጻው 2,000 ብር ድረስ ነው፣ ከ14,000 በላይ ነው 35 ፐርሰንት የሚባለው። የ12,000 ብር ደመወዝተኛ ውሰዱ። በአሮጌው ግብሩ 2,700 ይመጣል፣ በአዲሱ ግን በ30 ፐርሰንት አባዝታችሁ የዛን እርከን ተቀናሽ 1,350 ስትቀንሱ 2,250 ነው። 450 ብር የሰው እንጀራ ነው! በየወሩ ከሰው ደመወዝ ላይ ያለ አግባብ ትቆርጣላችሁ ማለት ነው። ጡረታው ላይ ግን ልክ ነበሩ፣ 7 ፐርሰንት ከሰራተኛው 11 ፐርሰንት ከድርጅቱ። እጄን አውጥቼ ስለግብሩ ስናገር "ቀመሩ ያው ነው፣ ቁጥሩን ራሳችሁ ትቀይሩታላችሁ" ተባልኩ። ይሄ መልስ አይደለም፣ ሰው ከፍሎ ነው የመጣው፣ ከኔ ጋር ከነበሩት ውስጥ አዲሱን ሳያውቁ የወጡ እንዳሉ አውቃለሁ።

ኤክሴል ደግሞ ሁለት ጠዋት ብቻ። ቪሉካፕ (ከሌላ ሺት መረጃ ፈልጎ የሚያመጣው ፎርሙላ) አንድ ምሳሌ፣ ፒቮት ቴብል 20 ደቂቃ፣ አለቀ። ኮምፒውተሩ 12 ሰልጣኙ 22 ስለሆነ ቶሎ የማይደርስ ሰው ጭራሽ ኪቦርድ አይነካም፣ አንድ እሁድ መብራት ጠፍቶ ተመልሰናል (ያንን ቀን ግን አካክሰውልናል)። አይኤፍአርኤስ (ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ) ላይ ስለ አዋጅ 847/2006 እና ስለ ሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርዱ የሆነ ስላይድ አሳዩን፣ በሱ ሲቪ ላይ አይኤፍአርኤስ እችላለሁ ብላችሁ አትጻፉ። ሪሴፕሽኗ ደግሞ ለቴክኒክና ሙያ ልጆች ሰርተፊኬታችን ሲኦሲን ይተካል ስትል ሰምቻለሁ፣ አይተካም፣ ሲኦሲ ራሱን የቻለ የሙያ ብቃት ምዘና ነው።

ስልጠናው ካለቀ በኋላ ለገሃር አካባቢ ኢንተርቪው ነበረኝ። የፋይናንስ ኃላፊዋ ሰርተፊኬቴን ገልበጥ እንኳን አላደረገችውም፣ ላፕቶፑን ወደኔ አዞረችና አንዱ ሺት ላይ የ18 ሰራተኛ ደመወዝ፣ ሌላኛው ላይ የኦቨርታይም ሰዓት፣ የስም ቅደም ተከተሉ የተለያየ፣ "40 ደቂቃ አለሽ፣ ፔይሮሉን ጨርሺ" አለችኝ። መታወቂያ ቁጥሩን ይዤ በቪሉካፕ አገናኘሁት፣ እሱን ከስልጠናው ሳይሆን ማታ ማታ ዩትዩብ እያየሁ ነው የለመድኩት። የቀን ኦቨርታይም በ1.5፣ የእረፍት ቀን በ2፣ የበዓል በ2.5። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፣ የባንክ ስቴትመንትና የኛ ባላንስ ካልገጠመ ከየት ትጀምሪያለሽ አለችኝ። ያልተመነዘረ ቼክና ባንኩ የቆረጠው ሰርቪስ ቻርጅ ላይ ነው አልኳት፣ ካርቶኑ ውስጥ የነበረው ይሄው ነበር። አሁን የ60 የስራ ቀን ሙከራዬ ላይ ነኝ።

ስለዚህ ለካርቶኑና ለፒችትሪው ብሩ አይቆጨኝም፣ ለፔይሮሉና ለኤክሴሉ ግን ይቆጨኛል። መመዝገብ የምትፈልጉ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጠዋት ገብታችሁ ቁጭ በሉ፣ ኮምፒውተሩንና ሰውን ቁጠሩ፣ ደረሰኝ በእጃችሁ ይሰጧችሁ እንደሆነ ጠይቁ፣ ከዛ የግብር ሰንጠረዡን አሳዩን በሉ። የመጀመሪያው መስመር 600 የሚል ከሆነ እስኪያስተካክሉት ድረስ ብራችሁን ይዛችሁ ጠብቁ።