ሰርቲፋይድ ወይስ ተራ ያገለገለ መኪና፦ ለዋስትናው መክፈል የሚያዋጣው ማንን ነው?

አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ መኪና ሊገዛ ዲለር የገባ ሰው ሦስት አማራጭ ይቀርብለታል። አንደኛው አምራቹ ራሱ ዋስትና የሰጠበት ሰርቲፋይድ መኪና ነው። ሁለተኛው ያው ሞዴል ያለ ሰርቲፊኬት ነው፤ ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት ሺህ ዶላር ይረክሳል። ሦስተኛው ተራውን ገዝቶ ሌላ ኩባንያ የሚሸጠውን የጥገና ውል መደረብ ነው። ሻጩ አንደኛውንም ሦስተኛውንም «ዋራንቲ» ይላቸዋል፤ ብልሽት ሲመጣ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ከሁሉ በፊት ስሙን ማጥራት ያስፈልጋል። መኪናን በቶዮታ ስም ሰርቲፋይድ የሚያደርገው የቶዮታ ዲለር ነው። ሌላ መሸጫ መስታወቱ ላይ «ሰርቲፋይድ» ብሎ ቢለጥፍ ቃሉ የራሱ ነው፣ ከጀርባው አምራቹ የለም። ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ሌላ ስቴት ሄጄ ቢበላሽብኝ የትኛውም የዚህ ብራንድ ዲለር ይሠራልኛል?» መልሱ «ወደ እኛ ነው የሚያመጡት» ከሆነ የአምራች ዋስትና አይደለም።

በብራንድ ሲነጻጸር

ቶዮታ ጎልድ በሚለው ደረጃ ከገዙበት ቀን ጀምሮ ለ12 ወር ወይም ለ12,000 ማይል ሰፊ ሽፋን ይሰጣል፤ ለሞተርና ለትራንስሚሽን ደግሞ 7 ዓመት ወይም 100,000 ማይል። ይህ ብዙ ይመስላል። ነገር ግን አዲስ ሲሸጥ የተሰጠው የ5 ዓመት ወይም የ60,000 ማይል የሞተር ዋስትና ያለ ክፍያ ወደ ሁለተኛው ባለቤት ይተላለፋል። ስለዚህ በሞተር በኩል የሚገዙት ጭማሪውን 2 ዓመትና 40,000 ማይል ብቻ ነው። የሃይብሪድ ባትሪ ፈርተው ሰርቲፋይድ የሚፈልጉም ብዙ ናቸው፤ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ግን የቶዮታ ሃይብሪድ ባትሪ የ10 ዓመት ወይም የ150,000 ማይል ዋስትና አብሮት ይመጣል። ያለዎትን ነገር ደግመው አይግዙ።

ሆንዳ ለሞተርና ለትራንስሚሽን ያው 7 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ነው። ልዩነቱ በቀረው ዕቃ ላይ ነው። መኪናው የአዲስነት ዋስትናው ማለትም 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል ሳያልቅ ከተገዛ 1 ዓመትና 12,000 ማይል ይጨመርለታል። ካለቀ በኋላ ከተገዛ ግን የሚያገኘው 100 ቀን ወይም 5,000 ማይል ነው። 35,000 ማይል የሄደ ሲቪክና 37,000 የሄደ ሲቪክ ዋጋቸው ተቀራራቢ ሆኖ ሽፋናቸው እንዲህ ይለያያል።

ሰርቲፋይድ በእርግጥ ዋጋ ያለው ሀዩንዳይና ኪያ ላይ ነው። ታዋቂው የ10 ዓመት ወይም የ100,000 ማይል የሞተር ዋስትናቸው ለመጀመሪያው ባለቤት ብቻ ነው፤ ለሁለተኛው ወደ 5 ዓመትና 60,000 ማይል ይወርዳል። ሰርቲፋይድ ሲሆን ሙሉው ይመለሳል። 65,000 ማይል የሄደ የሀዩንዳይ ሶናታ በተራ ቢገዙ ለሞተሩ ምንም የለዎትም፤ ሰርቲፋይድ ከሆነ ገና 35,000 ማይል አለዎት። ከ2011 ጀምሮ የተሠሩ አንዳንድ ሶናታና የኪያ ኦፕቲማዎች የሞተር ውስጥ ኩሽኔታ እየበላ ሞተር ሙሉ ለሙሉ እስከ መቀየር እንዳደረሰ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቀኑ የሚቆጠረው ከመቼ ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 7 ዓመቱም 10 ዓመቱም የሚቆጠረው እርስዎ ከገዙበት ሳይሆን መኪናው መጀመሪያ አዲስ ሆኖ ከተሸጠበት ቀን ነው። በጁን 2021 የተሸጠ ቶዮታ ካምሪ ዛሬ 70,000 ማይል ላይ ከሆነ የሞተር ዋስትናው ጁን 2028 ወይም 100,000 ማይል ላይ፣ ቀድሞ በደረሰው ያበቃል። በዓመት 10,000 ማይል የሚነዳ ሰው እስከ ቀኑ ይጠቀምበታል። ኡበር ወይም ሊፍት እየሠራ በዓመት 40,000 ማይል የሚነዳ ግን ቀሪውን 30,000 በዘጠኝ ወር ይጨርሰዋል።

ለኡበር ሠራተኛ ሌላም ጣጣ አለ። የሀዩንዳይ የ10 ዓመት ሽፋን እንደ ታክሲ፣ ዕቃ ማመላለሻና ኪራይ ላሉ የንግድ ሥራዎች የዋለ መኪናን አያካትትም። ሌሎች ውሎችም ተመሳሳይ አንቀጽ ሊኖራቸው ይችላል። ስለዚህ «ኡበር እሠራበታለሁ፣ ይሸፈናል?» ብለው ይጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። የሻጭ የቃል «ችግር የለም» ክሌም (ዋስትናው ጥገናውን እንዲከፍል የሚቀርብ ጥያቄ) ሲቀርብ አይቆጠርም።

የሞተርና ትራንስሚሽን ዋስትና የሚሸፍነው ሞተሩን፣ ትራንስሚሽኑንና ኃይሉን ወደ ጎማ የሚያደርሱትን ክፍሎች ነው። ዲናሞ፣ ሞተሪኖ፣ የኤሲ ኮምፕረሰር፣ ስክሪን፣ ሾክ አብዞርበር በሰፊው ሽፋን ዘመን ካልሆነ ከኪስ ነው የሚወጣው። የፍሬን ሸራና ጎማ በየትኛውም ውስጥ የሉም።

ክሌም በብዛት የሚወድቀው በሁለት ምክንያት ነው፦ የዘይት ቅያሪ ማስረጃ ሲጠፋና የሙቀት መብራት ከበራ በኋላ መንዳት ሲቀጠል። በ1975 የወጣው የፌዴራል የዋስትና ሕግ ዘይት የግድ ዲለር ጋ ቀይሩ ማለትን ይከለክላል። ሰፈር ጋራዥ ቢቀይሩት ችግር የለውም፤ ቀኑና ማይሉ ያለበት ደረሰኝ ግን ይኑር። ራስዎ ከቀየሩ የዘይቱንና የፊልትሮውን ደረሰኝ ከማይል ንባቡ ፎቶ ጋር ያስቀምጡ።

ፋይናንስ ቢሮ የሚሸጠው ውል

ከሦስቱ አማራጮች ደካማው ይህ፣ ዲለሩ የብድር ወረቀት በሚያስፈርምበት ቢሮ የሚሸጠው የሌላ ኩባንያ የጥገና ውል ነው ማለት ይቻላል። ጥገና ከመጀመሩ በፊት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሞተር ፈትቶ ለማየት የሚወጣውን ወጪ ክሌሙ ውድቅ ከሆነ እርስዎ ይከፍላሉ፤ «በአገልግሎት ያለቀ» የሚለው ሐረግ ብዙ ዕቃ ያስወጣል። እንዲህ ያለ ውል ላም አለኝ በሰማይ ነው። ዋጋውንም በብድሩ ውስጥ ስለሚከቱት አይታይም፦ 2,400 ዶላር በ9 በመቶ ወለድ ለ72 ወር ሲከፈል በወር 43 ዶላር ገደማ፣ በድምሩ 3,115 ዶላር አካባቢ ይሆናል።

ያ ገንዘብ ከሚሄድ ተራውን መኪና ገለልተኛ መካኒክ ጋ ማሳየት ይሻላል፤ ከ150 እስከ 250 ዶላር ያስወጣል። መካኒኩ ኮምፒዩተር ሰክቶ የብልሽት ኮድ በቅርቡ ተሰርዞ እንደሆነ፣ የትራንስሚሽን ዘይቱን ቀለምና ሽታ፣ ራዲያተር ውስጥ ዘይት መኖሩን፣ ከሥር ሆኖ ደግሞ የሚያንጠባጥብና የተበየደ ቦታ ይይ። ሻጩ መኪናውን ለማስመርመር እምቢ ካለ ይውጡ። ሰርቲፋይድ ቢሆንም ያስመርምሩ፤ የቶዮታን 160 ነጥብ ምርመራ የሚያደርገው ያው የሚሸጥልዎ ዲለር ነው። ያልተሠራ ሪኮል (አምራቹ በጉድለት ምክንያት ለጥገና የጠራው) ያለበት መኪናም ሰርቲፋይድ ተብሎ ሊሸጥ ስለሚችል ቪኑን፣ ማለትም 17 ፊደልና ቁጥር ያለውን የመኪናውን መለያ፣ የፌዴራሉ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ያስገቡ፤ ነጻ ነው።

የጥገና ውሉን ፈርመው ከሆነ አሁንም መሰረዝ ይችሉ ይሆናል። ብዙዎቹ ውሎች ክሌም ካልቀረበባቸው በመጀመሪያዎቹ 30 ወይም 60 ቀናት ሙሉውን፣ ከዚያ በኋላ ያልተጠቀሙበትን ያህል ይመልሳሉ። ጥያቄውን በጽሑፍ ያቅርቡ፣ የማይሉን ንባብ ያያይዙ፣ ቅጂ ይያዙ። መኪናው በብድር ከሆነ ተመላሹ የሚሄደው ለባንኩ ነው፤ ወርሃዊ ክፍያዎ አይቀንስም፣ የሚቀንሰው የዕዳው ቀሪ ነው።